ያስረጀሁት ፊት

ባለፈው ወር አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር መናኸሪያው አካባቢ የነበረውን ታፔላዬን አወረድኩ። ሦስት ሰው ሆነን ስንታገል ሚስማሩ እምቢ አለ፤ ይህን ያህል ዘመን የቆየ ሚስማር ሥር ሳይሰድ አይቀርም። አላፊ አግዳሚው እየቆመ "ጌታሁን ፎቶ ሊዘጋ ነው?" ይላል። ጌታሁን ፎቶ የቤቱም ስም ነው፣ የኔም ስም ነው። በዚህ ከተማ የአባቴን ስም የምታውቀው ሚስቴ አስናቀች ብቻ ናት፤ እሷም የምትጠራው ስትቆጣ ነው።

ገና ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ጡረታ ያወጣኝ ዕድሜዬ ሳይሆን እንቁላል የምታክል ካሜራ ናት። ዱሮ መታወቂያ የሚያወጣ ሰው መጀመሪያ እኔ ዘንድ መጥቶ ጉርድ ፎቶ ይነሳ ነበር። አሁን የሚመዘግበው ወጣት እዚያው ጠረጴዛው ጋ ያስቀምጥሃል፣ "ካሜራዋን እያት" ይልሃል፣ አለቀ። የተረፈኝን ሠርግና ልደት ደግሞ ስልክ ወሰደው። ገቢው እንዴት ነበር ለምትሉኝ፣ አራት ልጅ አስተምሯል፣ አንድ ሞተር ሳይክል ገዝቷል። ሞተር ሳይክሉም እኔም እስካሁን ጠዋት ጠዋት እያሳልን እንነሳለን።

አርባ ምንጭ ውስጥ ያላነሳሁት ፊት ካለ የአዞ ነው። የአዞም ቢሆን አንድ ጊዜ ጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ አስጋሪዎች "ከዓሣችን ጋር አንሳን" ብለውኝ ሄጄ፣ ከኋላቸው ግንድ መስሎኝ ያነሳሁት ነገር ፎቶው ሲታጠብ ዓይን አወጣ። ዓሣው የኔን ቁመት ያክል ነበር። እሺ፣ ከወገቤ በታች ያለውን ቁመት።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ ሰይፉ ናቸው። ከዚህ ከተማ ሙቀት ጋር ተጣልተው የኖሩ ሰው ነበሩ፤ አስፋልቱ እንደ ቅቤ በሚቀልጥበት የካቲት ኮት ለብሰው፣ የላይኛውን ቁልፍ ዘግተው ይቀመጣሉ። ሰው ሲያነሱ አይቸኩሉም። ተነሺውን ወንበር ላይ ያስቀምጡና "የማን ልጅ ነህ?" ብለው ይጠይቁታል። የሰባ ዓመት ሽማግሌም ቢሆን "የማን ልጅ ነህ" ነው። ሰውየው አባቱን ይጠራል፣ አያቱን ይጨምራል፣ ቀዬውን ይናገራል። እሳቸው ጣታቸውን ካሜራው ላይ አድርገው የሚያዩት ደረቱን ነው።

"ሰው ካሜራ ፊት ሲቀመጥ ትንፋሹን ይይዛል" ይሉኝ ነበር። "በያዘበት ሰዓት ብታነሳው ያገኘኸው ፍርሃቱን ነው። ጠብቅ። አየሩን ሲያወጣ አንሳው።"

"ካልተነፈሰስ ጋሼ?"

"እስኪተነፍስ ቁጭ ነው። ሬሳ አይደል የምታነሳው።"

አንድ የጦር ጡረተኛ ትንፋሹን ይዞ አርባ ደቂቃ ሲፎካከራቸው አይቻለሁ። አስናቀች ይህን ስጽፍ ከኋላዬ ቆማ አንብባ "አራት ደቂቃ በል" ትለኛለች። እሺ፣ አራት።

ብጉር በእርሳስ ጫፍ ያጠፋሉ፣ ጠባሳ ግን አይነኩም። ብጉር ለሳምንት የመጣ ነው፣ ጠባሳ የሰውየው ነው ይላሉ። ፊልሙ ታጥቦ ሲያልቅ እያንዳንዱን ኔጌቲቭ በወረቀት ፖስታ ከተው በላዩ ላይ ይጽፋሉ፦ ስም፣ የአባት ስም፣ ቀን፣ ዕድሜ፣ ከዚያ ያን ዕለት ያዩትን አንድ ነገር። "አዲስ ጫማ፣ ጠቦታል።" "ሚስቱ ውጭ ቆማለች፣ አልገባም አለች።" የሚጽፉት በእርሳስ ብቻ ነው፤ የእስክሪብቶ ቀለም በሐይቁ እርጥበት ይደበዝዛል። ፖስታዎቹን በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ይደረድሩና እርጥበቱን እንዲመጥ ከሥር ከሰል በጨርቅ ቋጥረው ያስቀምጣሉ።

"ይሄ ሁሉ ለማን ነው?" ብዬ ጠይቄአቸው ነበር።

"ለሚጠይቅ" አሉኝ። ማን እንደሚጠይቅ አልነገሩኝም።

አብረን ያልሄድንበት የለም። ካምባ ለመታወቂያ ዘመቻ ተልከን መኪናችን ጭቃ ውጦት የመጨረሻውን መንገድ ወንበራችንን ተሸክመን በእግር ገባን። እዚያ ኮት የነበረው አንድ ሰው ነው፤ ተሰላፊው ሁሉ እየተቀባበለ ያንኑ ኮት ለብሶ ተነሳ። ዛሬም የዚያን ዘመን የካምባ ሰዎች ፎቶ ብታዩ ሁሉም አንድ ኮት፣ ሁሉም ከላይ ሁለተኛው ቁልፍ የወለቀ ነው። ባለ ኮቱ ራሱ ተራው ሲደርስ ኮቱ ከሰልፉ ጫፍ ስላልተመለሰለት በሸሚዝ ተነሳ።

ከሁሉ የምወደው ግን የመስቀሉን ጉዞ ነው። የጋሞ ሰው ለመስቀል የትም ይሁን የት ቤቱ ይገባል፤ አዲስ አበባ ያለው ሸማኔም፣ ሻሸመኔ ያለው ነጋዴም። ቤተሰብ ሙሉ ሆኖ የሚገኘው ያን ሰሞን ስለሆነ በየዓመቱ ጨንቻ እንወጣለን። ገበያው ዳር አንድ ነጭ ጋቢ ቀርከሃ ላይ እንወጥራለን፤ ጉም ሲመጣ ጋቢውም ቤተሰቡም ይጠፋል፣ ጉም ሲሄድ እናነሳለን። ጋሼ ሰይፉ በዚያ ዓመት የተወለደውን ሕፃን አያቱ ወይም አባቱ አቅፎት ለብቻ ያነሱታል፣ ያለ ዋጋ። ፖስታው ላይ "የመጀመሪያ መስቀሉ" ብለው ይጽፋሉ። እኔ በብርዱ ጥርሴ እየተንገጫገጨ "ጋሼ፣ ይሄ ምን ያደርጋል?" ስል እርሳሳቸውን ይቀርጻሉ።

ጉልበታቸው ሲደክም ቤቱን ለኔ ተዉ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም ዐረፉ። ቆርቆሮዎቹ ከቤቱ ጋር ቀሩ። እኔ ዲጂታል ካሜራና ኮምፒውተር ገዛሁ፣ እርሳሱን ተውኩ።

ከዚያ የጉዞው ዘመን መጣ። የስደት ሕግ ሲለወጥ በሬዲዮ አልሰማም፤ ከደንበኞቼ ዕድሜ ነው የማውቀው። ዓረብ አገር ለሥራ የምትሄድ አሥራ ስምንት ይሙላት ሲባል፣ የአካባቢያችን ሴት ልጆች በአንድ ሳምንት ሁሉም አሥራ ስምንት ሞላቸው። ተቀባዩ አገር "ከዚያም ከፍ ትበል" ሲል በማግስቱ ሁሉም ሃያ ሦስት ሆኑ። አንዷን ሰኞ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ አንስቻት ዓርብ ሃያ አራት ሆና መጣች። ጉዞው ጭራሽ በታገደበት ጊዜ ደግሞ ወንዶቹ በሞያሌ በኩል ደቡብ አፍሪካን እያሉ ወጡ። እነሱ ፎቶ አይነሱም። ወላጆቻቸው ናቸው ቆይተው የሚመጡት፣ የልጁን የስምንተኛ ክፍል ጉርድ ፎቶ ይዘው "አጉላልን" ሊሉ። ለምን እንደሚጎላ አልጠይቅም ነበር።

ሕጉ የወጣው ትንንሾቹን ለማትረፍ ነው። እኛ በሩ ከፍ ባለ ቁጥር ልጆቹን ከፍ አደረግናቸው። እኛ የምለው ደላላውን፣ መታወቂያ ጸሐፊውን፣ አባትየውን፣ እኔን ነው። የኔ ድርሻ ፊት ነበር።

ልጅን ማስረጀት እንዲህ ነው። ከፊት ያለውን የጃንጥላ መብራት ታጠፋለህ፣ ከላይ የሚወርደውን ብቻ ትተዋለህ፤ ዓይን ሥር ጥላ ይተኛል። ጭኗ ላይ የሚቀመጠውን ነጭ ካርቶን ታነሳለህ፤ አገጭ ሥር ይጨልማል። ካሜራውን ዝቅ ታደርጋለህ፤ መንጋጋ ይከብዳል። ፀጉር ወደ ኋላ፣ ሻሽ ጠቆር ያለ። ከዚያ ለልጅቷ "ጥርስሽን ግጠሚ፣ ዓይንሽን ትንሽ ጣል አድርጊው፣ ትንፋሽሽን ያዢ" ትላታለህ። ጋሼ ሰይፉ ዕድሜ ልካቸውን የከለከሉኝ ነገር ሁሉ። ደላሎቹ "ጌታሁን ጋ ውሰዳት፣ አሮጊት አድርጎ ይመልሳታል" ይሉ ነበር። እስቅ ነበር። እውነቱን ልናገርና እኮራም ነበር።

ማርታን ያመጣት ታምሩ የሚባል ደላላ ነው። አባቷ አይዛ አብሯቸው ነበር፤ ከጨንቻ የወረደ ሸማኔ፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ያጣ ሰው። ልጅቷ ስምንተኛ ክፍልን ገና መጨረሷ ነው። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ እግሯ ወለሉን አልነካም።

"ስንት ትሁን?" አልኩት ታምሩን። ስንት ናት አላልኩም።

"ሃያ ሦስት።"

"ለዚች የሚያስፈልጋት ፎቶ አንሺ ሳይሆን ግንበኛ ነው።"

ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ የፊት ጥርሶቿ መሀል ትንሽ ክፍተት አለ።

"አትሳቂ" አልኳት። "ስትስቂ ወደ አንደኛ ክፍል ትመለሻለሽ። ፓስፖርት ለማውጣት ስትቀርቢም ይሄንኑ ፊት ያዢ።" ሦስት ጊዜ አለማመድኳት። በሦስተኛው እኔኑ አስደነገጠችኝ።

"ልጄ ጎበዝ ነው" አለ አይዛ። አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም። "አሥራ አራት ዓመቱ ነው፣ ግን ጎበዝ ነው።"

ታምሩ በክርኑ ጎሸም አደረገው። እኔ እንዳልሰማ ሆኜ መብራቱን አስተካከልኩ። ፎቶው ለቀበሌ መታወቂያና ለቀጣሪዎቿ ለሚላከው ፎርም ሆነ፤ ፓስፖርቱ የመታወቂያውን ዕድሜ ይዞ ወጣ፤ ማርታ ሄደች።

አራት ዓመት አለፈ። ባለፈው ነሐሴ ቤቱን ልዘጋ ዕቃ ስሸክፍ አንዲት ሴት ገባች። ገበያ የወጣች የልጆች እናት መሰለችኝ።

"ጋሽ ጌታሁን፣ አላወቁኝም?"

"ብርሃኑ ጀርባሽ ላይ ነው የእኔ እህት፣ ወደ ውስጥ ግቢ።"

"ማርታ ነኝ፣ የአይዛ ልጅ። ሃያ ሦስት ዓመት ያደረጉኝ።"

እጄ ላይ የነበረው ካርቶን ወደቀ። ቶሎ ብዬ "ታዲያ አሁን ስንት ሆንሽ?" አልኩ።

"በወረቀት ሃያ ሰባት። በእውነት አሥራ ስምንት። ዕድሜዬን እንዲመልሱልኝ ነው የመጣሁት።"

"ዕድሜ ቀንስልኝ ብላ እዚህ ቤት የመጣች የመጀመሪያዋ ሴት አይደለሽም" አልኳት።

አልሳቀችም። ሳታለቅስም፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግም ነገረችኝ።

"ሁለት ዓመት ሰው ቤት ሠራሁ። ከዚያ ጠፍቼ ወጣሁ፤ ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ። ፖሊሶች ያዙኝ። ከአሥራ ስምንት በታች የሆኑትን ለብቻቸው ያስቀምጧቸዋል፣ ቶሎም ወደ አገራቸው ይልኳቸዋል። አሥራ ስድስት ነኝ አልኳቸው። ሰውየው ከፋይሉ ፎቶዬን አወጣ፣ እርስዎ ያነሱትን። ጠረጴዛው ላይ አድርጎ በጣቱ መታ መታ አደረገው። 'ይቺ ልጅ ናት ወይ ይልሻል' አለችኝ አስተርጓሚዋ። እኔም አየሁት። ልጅ አትመስልም።"

"ከዚያስ?"

"ከትልልቆቹ ጋር አሥራ አንድ ወር።"

የወደቀውን ካርቶን አነሳሁ። እሷ ቀጠለች። ዘጠነኛ ክፍል ልመዝገብ ስትል፣ በመታወቂያሽ ሃያ ሰባት ነሽ፣ የማታ ግቢ ተብላለች። አዲሱም መታወቂያ የድሮውን ዕድሜ ይዞ ነው የወጣው። ፍርድ ቤት ዕድሜዬ ይስተካከልልኝ ብላ አመልክታለች፤ የትምህርት ምዝገባው ሳይዘጋ ማስረጃ ማቅረብ አለባት። የልደት ምዝገባ የላትም። የክርስትና ካርድም የላትም፤ ወላጆቿ ፕሮቴስታንት ናቸው፣ በነሱ ቤት የሚጠመቀው ያደገ ሰው ነው። የመሰከሩላት አጎቶቿ ናቸው፤ ዘመድ ብቻ አይበቃም ተባለ።

"የማታውስ ቢሆን ምን አለበት?" አልኩ፣ ለመውጫ።

"ማታ መማር አልጠላሁም። ግን በመሀል ያለውን ዘጠኝ ዓመት አልኖርኩትም፣ የኔ አይደለም። እርስዎ ዘመዴ አይደሉም። ይመስክሩልኝ።"

ቆሜ ብመሰክር ዳኛው መጀመሪያ ምን እንደሚጠይቀኝ ወዲያው ገባኝ። "ብዙ ሰው ነው የማነሳው፣ ልጄ" አልኳት። "አላስታውስም።"

"እሺ" አለች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞራ ወንበሩን አየችው። "እግሬ ወለል አይነካም ነበር" ብላ ወጣች።

ምሳ ላይ አስናቀች ሦስት ጊዜ አየችኝ። "ምን ሆነሃል? ቀልድ አለቀብህ?"

ነገርኳት።

"ታስታውሳታለህ?"

"የጥርሷን ክፍተት ሳይቀር።"

"እንግዲህ ሂድ።"

"ቢያስሩኝስ?"

"ስንቅ አመጣልሃለሁ። እዚያም የሚያስቅ ሰው ያስፈልጋቸዋል።"

እየበላሁ ነው ቆርቆሮዎቹ ትዝ ያሉኝ። አንዲት እህል ነጋዴ ለመስፈሪያ ፈልጋቸው፣ ወረቀቱን ጥዬ ቅዳሜ ልሰጣት ቃል ገብቼ ነበር። ሮጬ ሄጄ ጓዳው ወለል ላይ ዘረገፍኳቸው። ሦስት ቀን ፈለግኩ። አንድ ሚሊዮን ፖስታ ነበር፤ አስናቀች ከተማዋ ውስጥ ይህን ያህል ሰው የለም ብትልም እኔ የቆጠርኩት በጉልበቴ ነው። የካምባው ኮት በየፖስታው ብቅ ይላል። ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሰዎች ኔጌቲቩ ላይ ያዛጋሉ። የኔን የሠርግ ቀን አገኘሁ፤ ጋሼ ሰይፉ በእርሳስ "ሙሽራው ብዙ ያወራል" ብለውበታል።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከአንድ የጨንቻ ቆርቆሮ ሥር ወጣች። "ማርታ አይዛ። የመጀመሪያ መስቀሏ። አምስት ወር። ጥርስ የለም። አያትየው ሻኖ ሳቀ፣ እሷ አለቀሰች።" ዓመተ ምሕረቱም፣ ቀኑም አለ። ኔጌቲቩን ወደ አምፖሉ ከፍ አደረግኩት። ጋቢው፣ ሽማግሌው፣ አፏን የከፈተች ጭብጥ የምታክል ሕፃን። ያን ዓመት ጋቢውን ከወዲያ ወገን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ የጣቴ ጫፍ ጥግ ላይ ይታያል። ይሄ ምን ያደርጋል ስላቸው ነበር።

ፖስታውን ለማርታ አሳይቼ በቀጠሮዋ ቀን ልመሰክርላት ፍርድ ቤት ቀረብኩ። ዳኛዋ ወጣት ሴት ናት። ሥራዬን ስጠየቅ "ፎቶ አንሺ ነኝ፣ አርባ ምንጭን በሙሉ..." ብዬ ጀመርኩ።

"የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ። አመልካቿን ሲያነሷት ዕድሜዋን ያውቁ ነበር?"

ሳልጨምር ሳልቀንስ የተናገርኩበት ቀን ይሄ ነው። "አሥራ አራት። አባቷ ሲናገር ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ፎቶው ላይ ለምን ትልቅ ሴት ትመስላለች?"

"እኔ ነኝ ያስረጀኋት፣ ክብርት ዳኛ።"

መብራቱን፣ ካርቶኑን፣ ሻሹን፣ ያስያዝኳትን ትንፋሽ አንድ በአንድ ተናገርኩ። ለጋሼ ሰይፉ የምናዘዝ ያህል ነበር። ዳኛዋ በአንድ እጇ እኔ ያነሳሁትን፣ በሌላው እሳቸው ያነሱትን ያዘች። ፖስታውን ገልብጣ የእርሳሱን ጽሑፍ ቀስ ብላ አነበበች።

"ይህ ቃል ለርስዎ እንደማይጠቅም ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ።"

ሁለት ሳምንት ቆይቶ የማርታ ዕድሜ አሥራ ስምንት እንዲሆን ተወሰነ። ምዝገባው ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው ዘጠነኛ ክፍል በቀን ገባች። እኔን ፖሊስ ጠርቶኝ ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ እንደገናም እጠራለሁ። ታምሩ እስካሁን አልተገኘም። አስናቀች የስንቁን ሳህን ከመደርደሪያው አውርዳ አዘጋጅታዋለች።

ትምህርት ቤቱ ሁለት ጉርድ ፎቶ አምጪ ብሏት ነበር። ታፔላው ከመውረዱ በፊት የመጨረሻ ደንበኛዬ እሷ ሆነች። የፊቱን መብራት አበራሁ፣ ነጩን ካርቶን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩ፣ ካሜራውን በዓይኗ ልክ አደረግኩ። እግሯ ወለል ነካ። ከዚያ ቀና ስል ያ ፊት ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ጥርሷ ገጥሟል፣ ዓይኗ ወድቋል፣ ትንፋሿ ተይዟል።

"ተዪው" አልኳት።

"ምኑን?"

አታውቀውም ነበር። የአዞውን ቀልድ ነገርኳት፣ የኮቱን ነገርኳት። በጨዋነት ፈገግ ትልና ካሜራውን ስታይ ያው ፊት ይመለሳል። ሠላሳ ምናምን ዓመት የሠራሁበት አፍ ምንም አልፈየደም። በመጨረሻ በርጩማ ስቤ ካሜራው አጠገብ ተቀመጥኩ።

"የማን ልጅ ነሽ?"

"ያውቁ የለም እንዴ። የአይዛ።"

"አይዛስ የማን ነው?"

"የሻኖ።"

"ሻኖ ማን ነው?"

"አያቴ ነዋ። ፎቶው ላይ ያቀፈኝ።"

"ምን አስቆት ነው እንደዚያ?"

አሰበች። ውጭ ባጃጅ አለፈ፣ ሌላም አለፈ። ደረቷን አየሁ፣ ጠበቅኩ። አራት ደቂቃ ይሆናል፤ አስናቀች ብትጠይቅ አርባ ነው የምላት።

"እንጃ" አለች ማርታ። "እኔ እኮ እያለቀስኩ ነበር።" ትከሻዋ ወረደ፣ አየሩ ወጣ፣ የጥርሷ ክፍተት ታየ። ያኔ አነሳሁ።

ሁለቱን ለትምህርት ቤት ሰጠኋት፣ አንዷን ለራሴ አተምኩ። ለእህል ነጋዴዋ ሌላ መስፈሪያ ፈልጊ ብያት ነበርና ቆርቆሮው ቦታው ላይ ነው። የጋሼ ሰይፉን እርሳስ ቀርጬ ፖስታው ላይ ጻፍኩ፦ "ማርታ አይዛ። ዘጠነኛ ክፍል። አሥራ ስምንት ዓመት። ቆይታ ተነፈሰች።"